መሸኛ ከየት እናምጣ?

ጎንደር፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

በተፈናቃዮች፣ በትምህርት፣ በሴቶችና ሕፃናት እንዲሁም በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ ኃላፊነት ለተጣለባችሁ የከተማችንና የአካባቢያችን አመራሮች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ተፈናቃይ ልጆች ያለ መሸኛ እንዲመዘገቡና ከቤተሰባቸው እንዳይነጣጠሉ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በጎንደር ከተማ በመጠለያ፣ በኪራይ ክፍልና በዘመድ ጓሮ ተበታትነው የሚኖሩ ተፈናቃይ ወላጆችና አሳዳጊዎች በመረጡት ኮሚቴ ስም ነው። እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ። ከመፈናቀሌ በፊት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለ11 ዓመታት አስተምሬአለሁ። በሌሊት ስንወጣ የያዝኩት ሁለቱን ልጆቼን፣ አንድ ጋቢና የክፍሌን ስም መጥሪያ ነበር። ስም መጥሪያውን ለምን እንዳነሳሁት እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ እጄ አነሳው። ከዚያ ትምህርት ቤት የተረፈው መዝገብ አሁን እርሱ ብቻ ነው።

በሐምሌ ወር መጨረሻ በመጠለያችን በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሁለት ነገር ይላል። ከመጡበት ቀበሌ መሸኛ ያላቀረቡ ቤተሰቦች ከመስከረም ጀምሮ ከእርዳታ ዝርዝር ይሰረዛሉ። ከቀድሞ ትምህርት ቤታቸው መልቀቂያ ያላመጡ ልጆች ደግሞ ለ2018 የትምህርት ዘመን አይመዘገቡም። አራት መስመር ነው፤ ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም አለው። ማንበብ የማይችሉት እናቶች ደጋግሜ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ ሌላ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ ብለው ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ያ ማስታወቂያ ነው።

መሸኛ በሰላም ጊዜ የሚሠራ ወረቀት ነው። ሰው ቤቱን አስረክቦ፣ ግብሩን ከፍሎ፣ ጎረቤቱን ተሰናብቶ ሲሄድ ቀበሌው «ይህ ሰው ነዋሪያችን ነበር፤ በሄደበት ይስተናገድ» ብሎ ይጽፍለታል። ቃሉ ራሱ ሸኚ እንዳለ ይናገራል። እኛን ማን ሸኘን? የአንዳንዳችን የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከነመዝገቡ ተቃጥሏል። የአንዳንዳችን ሊቀ መንበር ራሱ ተፈናቅሎ እዚሁ ጎንደር አንድ ወረፋ ላይ አብሮን ይቆማል። የቀሩት ቀበሌዎች ያሉት ደግሞ መንገዳቸው በተዘጋበት አካባቢ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ለልጁ መልቀቂያ ለማምጣት በሰኔ ወጥቶ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። ሚስቱ መልቀቂያውን ትታ አሁን ባሏን ታፈላልጋለች።

ከየት እንደመጣንም ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ማስታወቂያው ሁላችንም ከአንድ ቦታና በአንድ ቀን የመጣን አስመስሎናል። በ2011 ዓ.ም. በማዕከላዊና በምዕራብ ጎንደር በተነሳው ግጭት ቤታቸው ተቃጥሎ የመጡ፣ ከዚያ ወዲህ ተመልሰው ደግመው የተፈናቀሉ አሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ሲዘልቅ የወጡ አሉ። ከወለጋ ሞትን አምልጠው የመጡ አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ ከተጀመረ በኋላ በመተማ ዮሐንስ በኩል የገቡ ከስደት ተመላሾችም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ልጆቻቸው ካርቱምና ገዳሪፍ የተወለዱ ናቸው፣ ከየትኛው ቀበሌ መሸኛ እንደሚያመጡ ልነግራቸው አልቻልኩም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው አላቋረጠም። እኔ የመጣሁት ከእነዚህ ጋር ነው።

አንደኛውና ትልቁ አቤቱታችን የምዝገባው ጉዳይ ነው።

አንድ የ13 ዓመት ልጅ አለን። ሰባተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሷል፤ ስምንተኛ ገብቶ ክልላዊ ፈተናውን መውሰድ ይፈልጋል። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዳይሬክተሩ ባሕር ዳር ተፈናቅለው እንደሚኖሩ አፈላልገን አገኘን። ልጁን ወደ መዝጋቢው ቢሮ ይዘነው ሄደን በስልክ አገናኘናቸው። ዳይሬክተሩ «ተማሪዬ ነው፤ በዚህ ዓመት በዚህ ክፍል አስተምሬዋለሁ» ብለው መሰከሩ። የተሰጠን መልስ «በስልክ ማኅተም አይመታም» የሚል ነበር። ልጁ ይህን ቆሞ ሰምቷል። አሁን ፒያሳ ላይ የጫማ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ይቀመጣል። ማታ ማታ ወደ እኔ እየመጣ የሒሳብ ጥያቄ እንድሰጠው ይጠይቀኛል፤ እጁ ቀለም ስለሆነ ደብተሩን በክርኑ ይገልጠዋል።

ሌላዋ እናት መጠለያው ውስጥ ወለደች። ሕፃኗ አንድ ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። እናቲቱ በ40ኛው ቀን፣ ገና አራስነቷ ሳይወጣ ሄዳለች። ልደት ለማስመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ አምጪ ተባለች። መታወቂያ ለማውጣት ሄደች፤ መሸኛ አምጪ ተባለች። ስለ መሸኛው ልትጠይቅ ተፈናቃዮችን ወደሚመለከተው ክፍል ሄደች፤ በመጀመሪያ መታወቂያ አሳዪ ተባለች። በሦስት በሮች መካከል ስትዞር 90ው ቀን አለፈ። አሁን ደግሞ ዘግይተሻል ትባላለች።

ይህችው ሕፃን ግን ክትባቷን አንድም ሳይቀር ወስዳለች። የጤና ባለሙያዎች ወደ መጠለያው መጥተው የእናቷን ቃል ሰምተው፣ የተወለደችበትን ቀን ጽፈው፣ ካርድ ሰጥተዋታል። መሸኛ አልጠየቁም። ኩፍኝ መሸኛ እንደማይጠይቅ ያውቃሉ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የዚህችን ሕፃን ስምና የልደት ቀን በእናቷ ቃል መመዝገብ ከቻለ፣ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ያንኑ ካርድ አይቶ መመዝገብ የማይችልበት ምክንያት አልገባንም።

ይህ ችሮታ እንዲደረግልን የምንለምነው ነገር አይደለም። አገራችን የካምፓላ ስምምነት ተብሎ የሚታወቀውን፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣውን የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ጥበቃና እርዳታ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃ የሕጓ አካል አድርጋዋለች። አንቀጽ 13 መንግሥት የተፈናቃዮችን መዝገብ እንዲይዝ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀትና መታወቂያ እንዲሰጣቸው፣ በመፈናቀል የጠፋውን ወይም የተቃጠለውንም ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ ሳያስቀምጥ እንዲተካ ይላል። ከተቃጠለ ቀበሌ ወረቀት አምጡ ከማለት በላይ ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ ምን ሊኖር ነው? ያው አንቀጽ ሴቶችና ብቻቸውን የቀሩ ልጆች ሰነድ የማግኘት እኩል መብት እንዳላቸውና በራሳቸው ስም እንዲወጣላቸው ይደነግጋል። ወደ ሁለተኛው አቤቱታችን የሚወስደኝም ይኸው ነው።

የእርዳታ ካርድ የሚሰጠው በአባወራ ስም ነው። ባሏ የጠፋባት ሴት የሞት ማስረጃ ወይም የፍቺ ወረቀት እንድታመጣ ትጠየቃለች። አንዷ ለመዝጋቢው ያለችውን እንዳለ ልጻፈው፦ «ሞቷል እንዳልል ሬሳውን አላየሁ፤ ፈቶኛል እንዳልል አልፈታኝ። ልጆቼ ግን ዛሬም ይርባቸዋል።» አራት ልጆች አሏት። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ነው የሚባለው እህል ለእርሷ የሚደርሳት ካርድ ያላቸው ጎረቤቶች ከድርሻቸው ሲያካፍሏት ብቻ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ከእኔ ቀድመው የመጡት ሁሉ አብረው ተርበዋል፤ ያ ከባድ ነበር። ጎረቤቱ እየበላ የአንዲት እናት ልጆች በወረቀት ምክንያት ሲራቡ ማየት ግን ይብሳል።

ከዚህም የከፋው የሦስቱ እኅትና ወንድሞች ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ። እናትና አባታቸውን በአንድ ቀን አጥተዋል። ታላቂቱ 16 ዓመቷ ነው፣ ተከታዩ 11፣ ትንሹ 6። ሦስቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ጎንደር የገቡት። ካርድ ለልጅ አይሰጥም ስለተባለ እያንዳንዳቸው በሦስት የተለያዩ አባወራዎች ካርድ ላይ እንዲጨመሩ ተወሰነ። ካርዱ ለሦስት ሲከፈል ልጆቹም ለሦስት ተከፈሉ። ታላቂቱ እዚሁ መጠለያ ቀረች፤ አንዱ ማራኪ፣ ትንሹ አዘዞ ሄደ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታላቂቱ ወንድሟን ለማየት በእግሯ አዘዞ ትወርዳለች፤ የታክሲ የላትም። ትንሹ እርሷን ሲያይ ጫማውን ማድረግ ይጀምራል። ልትወስደው የመጣች ይመስለዋል።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ የመንግሥት አካላት ልጆችን የሚመለከት ነገር ሲሠሩ የልጁን ደኅንነት በቀደምትነት ማሰብ እንዳለባቸው፣ ወላጅ ያጡ ልጆችም ልዩ ጥበቃ እንደሚደረግላቸው ይናገራል። እነዚህን ልጆች የለያየው ጦርነት አልነበረም፤ ጦርነቱን አብረው አልፈውታል። የለያያቸው የካርድ አሠራር ነው።

ባለፈው ግንቦት ታላቂቱ ላይ ሽማግሌ ተላከባት። ያስጠጓት ሰዎች ክፉ አይደሉም፤ «አንድ አፍ ይቀንስልናል፣ እርሷም ጎጆ ታገኛለች» ብለው ነው ያሰቡት። እርሷ አልፈልግም አለች። የኮሚቴው እናቶችና አንድ ቄስ ገብተው ነገሩ ለጊዜው ቆመ። ወደ ሕግ ብንሄድ ግን ዕድሜዋ ከ18 በታች መሆኑን የምናሳይበት ምንም ወረቀት አልነበረንም። የጠያቂው ሽማግሌዎች «19 ዓመቷ ነው» ሲሉ እኛ «16 ነው» ከማለት በቀር ሌላ ማስረጃ አላቀረብንም። የልደት ምስክር ወረቀት ሲባል ለቢሮ ሥራ ብቻ የሚያስፈልግ ይመስል ይሆናል። ለዚህች ልጅ በትዳርና በትምህርት መካከል የቆመ አጥር ነው፤ አጥሩ ግን የለም።

ሦስተኛው የወንዶቹ ልጆች ጉዳይ ነው። በክረምት ለሰሊጥ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ደላሎች ከአውቶቡስ መናኸሪያው አካባቢ ልጆችን ሰብስበው ወደ መተማና ቋራ ይወስዳሉ። ትምህርት ቤት ያልተመዘገበ ልጅ ቀኑን ሙሉ የት እንደሚውል ደላላ ያውቃል። የ15 ዓመት ልጅ «18 ሞልቶኛል» ካለ የሚያስተባብልበት ወረቀት የለም። ካለፈው ዓመት አጨዳ የተመለሰ አንድ ልጃችን ትኩሳቱ ለሳምንታት አልለቅ ብሎት፣ ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ መንምኖ ነበር። ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። በቆላው መሬት፣ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር በምትኖር ትንሽ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ደጋ ላይ ላደገ ልጅ እንግዳ ነው፤ በጊዜ ካልታከመም ይገድላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተቋቋመ የሕክምና ማዕከል ስላለው ልጁ ዳነ። አሁን የአጨዳው ወቅት እየደረሰ ነው፤ ማስታወቂያውም መስከረም ላይ ልጆቹን ከትምህርት ቤት በር ይመልሳቸዋል። ሁለቱ በአንድ ወር መግጠማቸውን ልብ ብላችሁልናል?

በዚህ ጊዜ ደግሞ መታወቂያ የሌለው ጎረምሳ ኬላ ላይ ሲያዝ ማን እንደሆነ የሚናገርለት የለም። ልጆችን ለውጊያ መመልመልን የካምፓላው ስምምነት ለመንግሥትም ለታጠቁ ቡድኖችም ከልክሏል። ልጆቻችን በየትኛውም ወገን መሣሪያ እንዳይሸከሙ የምንፈልግ ወላጆች ነን። ልጅ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት በኪሳቸው ይኑር።

አራተኛው የመማሪያ ክፍሎቹ ነገር ነው። አንዳንዶቻችን የተጠለልነው በትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ነው፤ ከመስከረም በፊት ልቀቁ ተብለናል። ክፍሉ የተማሪ መሆኑን አስተማሪ ነኝና አልክድም፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የልብስ ገመድ ሲታሰር ልቤ ይደማል። እንለቃለን። ነገር ግን የምንሄድበት ቦታ ክረምቱ ሳይወጣ ይነገረን፤ በሸራ ሥር ጨቅላ ይዞ ማደር ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ አይተነዋል።

ወደ ቀያችሁ ተመለሱ የሚለውንም በአጭሩ ላንሳ። አገሩን የማይናፍቅ ተፈናቃይ የለም። «በፈቃዴ እመለሳለሁ» የሚል ቅጽ ግን የዱቄት ወረፋ ላይ ቆመን ሊያስፈርሙን አይገባም። የስምምነቱ አንቀጽ 11 ተፈናቃይ ለመመለስም፣ ባለበት ለመኖርም፣ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድም በቂ መረጃ አግኝቶ በነፃ ፈቃዱ እንዲመርጥ ይላል። የፈረሙት ሰዎች ዱቄቱን ለማግኘት የፈረሙ መስሏቸው ነበር።

የጎንደር ሕዝብ እንጀራውን ቆርሶ ሰጥቶናል፤ አቤቱታችን በእርሱ ላይ አይደለም። ይህች ከተማም መፈናቀልን ታውቀዋለች። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ሲያቃጥሏት ስንቱ ልጇ ተማርኮ ተወሰደ፣ የተረፈውም ሸሽቶ በየገጠሩ ተጠጋ። ያን ጊዜ ያስጠጋው ገበሬ ነው። ዛሬ በራችሁ ላይ የቆመው የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ማስታወቂያው ይነሳ። እስኪነሳ ድረስም ማንም ቤተሰብ በመሸኛ ምክንያት ከእርዳታ ዝርዝር አይሰረዝ።

በመሸኛና በመልቀቂያ ምትክ ያሉትን ማስረጃዎች ተቀበሉን፦ የሦስት ምስክሮች ቃል፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ፣ የተፈናቀሉ የቀበሌ ሊቀ መናብርትና የትምህርት ቤት ዳይሬክተሮች በአካል ወይም በስልክ የሚሰጡት ምስክርነት። በየትኛው ክፍል እንደሚማር ለማወቅ ልጁን መመዘኛ ፈተና መፈተን ይበቃል። ፈታኝ ከታጣ በመካከላችን መምህራን ስላለን ያለ ክፍያ እንፈትናለን።

የልደት መዝጋቢዎች እንደ ክትባት ባለሙያዎቹ ወደ መጠለያዎቹ ይምጡ። 90 ቀን ያለፋቸው ሕፃናት ቅጣት አይጠየቁ፤ ያዘገያቸው የቢሮ ዙረት ነው።

የእርዳታ ካርድ ልጆቹን በያዘው ሰው ስም ይውጣ፤ እናትም ትሁን አያት። ወላጅ ያጡ እኅትና ወንድሞች በአንድ ካርድ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ አሳዳጊ እጅ ይሁኑ። የተለያዩት ሦስቱ ልጆች ጉዳይ ለመስከረም ሳይባል በዚህ ሳምንት ይታይልን። ከወላጆቻቸው ለተጠፋፉትም ቀይ መስቀል ከሚሠራው የማፈላለግ ሥራ ጋር የሚያገናኝ አንድ ሠራተኛ ይመደብልን፤ ስምምነቱ በአንቀጽ 9 ቤተሰብን ማፈላለግና ማገናኘት የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል።

መናኸሪያው ላይና በመተማ መንገድ ኬላዎች ከልጆች ጋር የሚጓዝ ደላላ ይጠየቅ። ይህ ከመስከረም በፊት ካልተጀመረ የዘንድሮው አጨዳ ያልፈናል።

በመጨረሻም ከጳጉሜን በፊት ከኮሚቴው ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ መልሱንም ማስታወቂያው በተለጠፈበት በር ላይ በጽሑፍ ለጥፉልን። በቃል የተሰጠን መልስ ሠራተኛ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

የክፍሌ ስም መጥሪያ በእጄ ነው። ጠርዙ ትንሽ ረጥቧል፣ ስሞቹ ግን ይነበባሉ። ማኅተም የለውም። ከተማሪዎቼ ውስጥ ጎንደር ያሉትን አንድ በአንድ አግኝቼ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። ለማመሳከር የሚፈልግ ሠራተኛ ካለ በተባልኩበት ቀንና ቢሮ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር

በጎንደር ከተማ የተጠለሉ ተፈናቃይ ወላጆችና አሳዳጊዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት

ግልባጭ፦
ለጎንደር ከተማ ሕዝብ
በየመጠለያው ለሚገኙ ተፈናቃይ ቤተሰቦች